ስሜን ሲጠና፦ ከሊማሊሞ አቀበት እስከ ዳባት ደጃፎች

ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ ስለዚህ አገር ቁርጥራጭ ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይገኝ፣ የተራራውን ሰው ደም የባዕድ ሐኪሞች መጥተው እንደመረመሩት፣ ዳባት ውስጥ መዝገብ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩ ሠራተኞች እንዳሉ ይነገረዋል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ረጅም ታሪክ ክፍሎች ናቸው። ታሪኩ ከ250 ዓመት በላይ ፈጅቷል። መጀመሪያ የመጡት ተራራው ምን እንዳበቀለና ምን እንዳኖረ ጠየቁ። ቀጥለው የመጡት የከፍታው አየር የሰውን አካል ምን እንደሚያደርገው ጠየቁ። የአገሩ ሰው በምን እንደሚታመምና በምን እንደሚሞት የተጠየቀው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ለእኔ የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ቅደም ተከተል ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1770፦ ኮሶ ወደ መጽሐፍ ገባ

በ1770 መጀመሪያ ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ከምጽዋ ተነስቶ በአድዋ አድርጎ የሊማሊሞን አቀበት ወጣ። ልቡ የተሰቀለው የዓባይን ምንጭ በማየት ላይ ነበር። ጓዙ ውስጥ ግን የሰማይ መለኪያ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ከጎኑም ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር። ጎንደር ሲደርሱ ከተማው በፈንጣጣ ተይዟል። ብሩስ ጥቂት የሕክምና እውቀት ስለነበረው በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙትን ልጆች እንዲያይ ተጠራ፤ የቤተ መንግሥቱን አመኔታ ያገኘውም በዚሁ ነው።

ወደ አገሩ ይዟቸው ከተመለሳቸው ነገሮች አንዱ የኮሶ ዛፍ ሥዕልና ገለጻ ነበር። በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ዛፉን ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ ሲል ባንክሲያ አቢሲኒካ ብሎ ሰየመው። በዓመቱ ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊ ሌላ ስም ሰጠው፤ ሳይንሱ ዛሬም የሚጠቀምበት ሀገኒያ አቢሲኒካ የሚለውን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር፤ የመድኃኒት መዝገቦቻቸውም ለትል ማስወጫነት ተቀበሉት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የቱ አበባ እንደሚለቀም፣ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚወቀጥ፣ ስንት እንደሚጠጣ፣ በባዶ ሆድ መሆን እንዳለበት፣ ሲበዛም እንደሚጎዳ የሚያውቀው የደጋው ሰው ነበር። ይህን እውቀት ለመሰብሰብ ስንት ትውልድ እንደሞከረና እንደተሳሳተ መገመት አያዳግትም። የመጽሐፉ ባለቤት ግን ብሩስ ሆነ። ባሉጋኒ እንኳ፣ ሥዕሎቹን በእጁ የሠራው ሰው፣ በ1771 ጎንደር ላይ ሞቶ ሲቀር ስሙ ከሥራው ጋር አልተጠራም፤ ብሩስ ሥዕሎቹን እንደ ራሱ ሥራ አቀረባቸው። ለሠዓሊው ያልተደረገ ነገር ኮሶውን ላሳየው ገበሬ ይደረጋል ተብሎ አይጠበቅም ነበር።

1832–1855፦ የተሰበሰቡት እንስሳትና ዕፅዋት

ከ60 ዓመት በኋላ የመጣው ሰው ዓላማው ሌላ ነበር። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ለከተማው ቤተ መዘክር እንስሳ የሚሰበስብ ሰው ነው። በ1832 ስሜን ገብቶ በዚያው ሰነበተ፤ ገደሉን ወጣ፣ ቆዳና አጥንት ሰበሰበ፣ የየቦታውን አቀማመጥ በመሣሪያ ለካ። ውጤቱ የስሜንን ስም በዓለም የእንስሳት መዝገብ ውስጥ የጻፈ ሆነ። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን ደግሞ በ1840 ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቀ። የቀይ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም ካኒስ ሲመንሲስ ነው፤ አገሩ በስሙ ውስጥ አለ። በባሌ ተራሮች የሚኖሩት ቀይ ቀበሮዎችም ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ የስሜን ስም ነው። የለንደኑ የመልክዐ ምድር ማኅበር በ1839 ለሩፔል የወርቅ ሜዳሊያውን ሰጠው።

ጊዜው ለእንዲህ ያለው ሥራ የተመቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዘመነ መሳፍንት መሀል ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የውጭ እንግዳ ማቅረብ የሚወዱ፣ ከአውሮፓ ጋር መገናኘትን የሚሹ ሰው ነበሩ። በእርሳቸው ጥላ ሥር ብዙ ከሠሩት አንዱ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ዊልሄልም ሽምፐር ነው። ኤስሊንገን ከተማ የነበረ አንድ የዕፅዋት ማኅበር ገንዘብ እያዋጣ ይልከው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ቅጠልና አበባ እያደረቀ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ናሙና ላከ። ዛሬ በአውሮፓ ታላላቅ የዕፅዋት ቤቶች የስሜንና የትግራይ ዕፅዋት የተቀመጡት በአብዛኛው ከእርሱ እጅ የሄዱ ናቸው። በስማቸው ጫፍ «ሺምፐሪ» የሚል የያዙ የአገራችን ዕፅዋት በርካታ ናቸው።

ሽምፐር ከሌሎቹ የሚለየው አለመመለሱ ነው። ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ ከውቤ እጅ የእንትጮን አስተዳደር ተቀብሎ፣ ወገን ሆኖ ኖረ። ውቤ ደረስጌ ላይ ባሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራም ከሌላው ጀርመናዊ ከኤድዋርድ ዛንደር ጋር እጁ ነበረበት። በየካቲት 1855 ደጃዝማች ካሣ ውቤን ድል አድርገው በዚያው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ለሌላ ንጉሥ እንደነበረ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሽምፐር በ1878 አድዋ ላይ ሞተ።

1855–1941፦ ረጅሙ ዝምታ

ከዚህ በኋላ የምርምሩ ገመድ ይላላል። የየጊዜው ጦርነት፣ ከ1887 ወዲህ የገባው የከብት እልቂትና ተከትሎት የመጣው ክፉ ቀን ሰውንም እንስሳውንም ጨረሰ። ከዚህ ዘመን ለታሪካችን የሚጠቅመው አንድ ነገር መንገድ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ ሠራ። ገደሉን እየቆረጠ የሚጠማዘዘው ይህ መንገድ ለጦር ሠራዊት ተብሎ የተሠራ ነው፤ በ1941 ወልቅፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠውም በዚሁ መንገድ ራስ ላይ ነው። በኋላ ግን መንገዱ ደጋውንና ቆላውን በጥቂት ሰዓት የሚያገናኝ ሆነና ማንም ያላሰበውን የሳይንስ አገልግሎት ሰጠ።

1953–1969፦ ደጋና ቆላ ተመዘኑ

በ1953 የጣና ዳር አገር ደምቢያ በወባ ወረርሽኝ ተመታ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በዚያን ጊዜ ለሕዝቡ የሚደርስለት የጤና ሠራተኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። በተከታዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሲከፈት ለቦታው መመረጥ የደምቢያው እልቂት አንዱ ምክንያት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ ደገፉት። ኮሌጁ የሚያወጣው የሆስፒታል ሐኪም ሳይሆን የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽህና ባለሙያ ነበር። ሦስቱ በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወጥተው እየሠሩ ይማሩ ነበር። ሕመምን ከታካሚው መንደር ነጥሎ የማያይ ትምህርት ጎንደር ላይ ሥር የሰደደው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው፤ የዳባት ነገር ሲመጣ ይህን እናስታውሰዋለን።

ደባርቅ ግን በመጀመሪያ ወደ ዓለም የጤና ሳይንስ መጽሔት የገባችው በሌላ በር ነው። በ1960ዎቹ የዓለም ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የሕያዋን ጥናት መርሐ ግብር በሚባል ትልቅ ትብብር የሰው ልጅ ከየአካባቢው ጋር እንዴት እንደሚላመድ ይመረምሩ ነበር። የኦክስፎርዱ ጄፍሪ ሃሪሰን የመራው የእንግሊዝ ቡድን የመረጠው የሊማሊሞን ሁለት ጫፎች ነበር፤ በላይ 3,000 ሜትር ላይ ደባርቅ፣ በታች 1,500 ሜትር ላይ አዲ አርቃይ። የምርጫው ብልኀት እዚህ ላይ ነው። ከፍታ አካልን እንዴት እንደሚለውጥ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ የተለያዩ ሕዝቦችን ካወዳደረ ልዩነቱ ከዘር ይምጣ ከአየሩ መለየት ያቅተዋል። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ግን ሰዉ አንድ ቋንቋ ይናገራል፤ እርስ በርሱም ይጋባል፤ ከቆላው ወደ ደጋው፣ ከደጋውም ወደ ቆላው ይሰደዳል። የሚለያየው ከፍታው ነው። ጣሊያን የቆረጠው መንገድ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው መሣሪያ ጭኖ መሄድን ቀላል አደረገው።

ቁመት፣ ክብደት፣ የደረት ስፋት፣ የሳንባ አቅም፣ የደም ዓይነት ተለካ። ውጤቱ በ1969 በለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ የምርምር መጽሔት ታተመ። የደባርቅ ሰዎች ደረታቸው የሰፋ፣ ሳንባቸውም ብዙ አየር የሚይዝ ሆኖ ተገኘ። በ1972 የታተመው ተከታይ ጥናት በልጆች ላይ ያየው የበለጠ ያስገርማል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ከፍታ የልጆችን ዕድገት ያዘገያል ተብሎ ይታመን ነበር። በስሜን ግን የደጋዎቹ ልጆች ከቆላዎቹ ይልቅ በቁመትም በክብደትም በልጠው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን የፈለጉት በከፍታው ውስጥ አልነበረም፤ ቆላውን በሚያደክመው በሽታ፣ በተለይም በወባ ውስጥ ነበር። ከፍታን ሊጠይቅ የመጣ ጥናት ሳያስበው የጤናን ጥያቄ ነካ ማለት ነው። ይህ ግኝት በጊዜው ለአዲ አርቃይ ጤና ጣቢያ ምን ያህል እንደጠቀመ ሲታሰብ ግን ልብ ይከብዳል፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ የተነበበውም በለንደን ነውና።

1963–1978፦ ዋልያ፣ አፈር፣ የበረዶ ዘመን

በዚያው ዘመን ሌላ ሥራ ከላይ ገደሉ ላይ ተጀመረ። በ1963 እንግሊዛዊው ሊቅ ጁልያን ሃክስሊ ያለበት የዩኔስኮ ልዑክ ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ለዱር እንስሳቷ ጥበቃ እንዲደረግ መከረ። ሌስሊ ብራውን የተባለ የኬንያ ነዋሪ የእንስሳት ተመራማሪ ደግሞ ዋልያውን ለመቁጠር ገደሉን ዞረ፤ ቀሪው ቁጥር ከጥፋት ጫፍ ላይ የደረሰ ነበር። በ1969፣ በእኛ 1962 ዓ.ም.፣ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ።

የፓርኩ መኖር ተመራማሪ ሳበ። ስዊዘርላንዳዊው በርንሃርድ ኒፈርገልት የዋልያን ኑሮ ለዓመታት አጥንቶ በ1981 መጽሐፍ አወጣ። ሮቢንና ፓትሲ ደንባር በሳንቃበር፣ የጃፓኑ ማሳዎ ካዋይና ባልደረቦቹ ደግሞ በግጭ የጭላዳን መንጋ ተከተሉ። ከየተራራው በሺህ የሚቆጠር ጭላዳ በአንድ ሜዳ ላይ ሣር ሲነጭ ያየ ሰው ይህ ሕዝብ እንዴት ሳይጫረስ እንደሚኖር ይጠይቃል፤ ጥያቄያቸውም ይኸው ነበር። መልሱ መንጋው ከትናንሽ ቤተሰቦች የተገነባ መሆኑ ነው። አንድ ወንድና በዝምድና የተሳሰሩ ጥቂት ሴቶች አንድ ቤት ናቸው፤ ቤቶቹ ይሰባሰባሉ፣ ይበተናሉ፣ ውስጣቸው ግን ይጸናል።

ከሁሉም ሰፊ ውጤት ያስከተለው ግን፣ በእኔ ግምት፣ አፈር የለካው ሰው ነው። ሃንስ ሁርኒ ከ1975 እስከ 1977 የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ የተራራውን ጥንታዊ የበረዶ ዘመን ምልክት መረመረ። በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ በስሜን ከፍተኛ ጫፎች ላይ አንድ ወቅት የበረዶ ግግር እንደነበረ፣ ዛሬ ጅብራ በቆመባቸው ሸለቆዎች ውስጥ ግግሩ የገፋው ድንጋይ ተከምሮ እንደቀረ አሳየ። ይህን ሲያጠና ዓይኑ ከገብስ ማሳው አልተነቀለም። በገደላገደሉ ላይ የሚታረሰው ጥቁር አፈር በሺህ ዓመታት የተፈጠረ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ግን ይታጠባል። ጉዳዩ ያሳሰበው ሁርኒ በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር መርሐ ግብር እንዲቋቋም አደረገ። ወሎ ማይባር፣ ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ ላይ የተተከሉት ጣቢያዎች ከማሳ የሚታጠበውን አፈር ዓመት ከዓመት መዘኑ፤ ስለ እርከን ሥራ በአገር ደረጃ የሚነገረው ብዙ ነገር ከዚያ የመጣ ነው።

በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር ከመካከላቸው ነበረ። ያን ጊዜ ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ወደ ተራራው እየወጣ ነበር። ምርምሩ ለዓመታት ተቋረጠ፤ በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው።

1996–2011፦ የዳባት መዝገብ

ፓርኩ በአደጋ ዝርዝር በተጻፈበት በዚያው ዓመት፣ ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዳባት ቤት ለቤት ቆጠራ ተጀመረ። የጎንደሩ ኮሌጅ ከ1978 ጀምሮ የሐኪም ማሠልጠኛም ሆኗል፤ መምህራኑ የሚያስተምሩት ግን ከሆስፒታሉ በር ባለፈው አገር ላይ እርግጠኛ ቁጥር ሳይኖራቸው ነበር። ሆስፒታል የሚመጣው ሕመምተኛ መንደሩን አይወክልም፤ በእግሩ መሄድ የቻለ፣ ገንዘብ ያለው፣ ለመንገዱም የቀረበ ነው። ቤቱ የሞተውን ማን ይቆጥረዋል? የልደትና የሞት ምዝገባ በሌለበት አገር መልሱ አንድ ነው፤ ሄዶ መጠየቅ።

ይህን ዘዴ ኢትዮጵያ ውስጥ ቀድማ የጀመረችው በ1980ዎቹ ቡታጅራ ናት። ዳባት ሁለተኛ ሆነች። ወረዳው ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ ላይ ስላሉት ከየአየሩ የገጠርና የከተማ ቀበሌዎች ተመረጡ። እያንዳንዱ ቤት ቁጥር ተሰጠው። መረጃ ሰብሳቢዎቹ እየተመላለሱ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ፣ ማን እንደሞተ ይመዘግባሉ። የሐዘኑ ቀናት ካለፉ በኋላ የሠለጠነ ጠያቂ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል፤ ሟቹ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ስንት ቀን አሳለው፣ እብጠት ነበረው ወይ፣ እናት ከሆነች ደሟ ፈሶ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። የተጻፈውን ሐኪሞች ለየብቻ አንብበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለእንግዳ የሚመልስ ሰው የሚከፍለው ቀላል ዋጋ አይደለም። የዳባት ሰው ይህን ለዓመታት አድርጓል፤ ምስጋናውም ከማንኛውም ሳይንቲስት በፊት የሚገባው ለእርሱ ነው።

ከመዝገቡ የወጣው ብዙ ነው። የሕፃናት መቀጨጭ፣ የእንቅርትና የአዮዲን እጥረት፣ የእናቶች ወሊድ፣ የአእምሮ ጤና ሁሉ ተጠንቷል። አንዱን ልምረጥ። በ2011 ታከለ ታደሰና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት በዳባት ቤት ለቤት እየሄደ የሳንባ ነቀርሳ ፈለገ። በአክታ ምርመራ ባክቴሪያው ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ሁለት ሦስተኛው ቀድሞ ያልተደረሰባቸው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በየቤታቸው ያስላሉ፤ በሽታውን ያስተላልፋሉ፤ በጤና ጣቢያው መዝገብ ውስጥ ግን የሉም። ይህ ቁጥር ለጤና ጥበቃ ሥራ የሚናገረው ግልጽ ነው፤ ጤና ጣቢያው ሕመምተኛውን መጠበቅ ትቶ ሊፈልገው ይገባል። ከብሩስ ጀምሮ ስንቆጥር የምርምሩ ውጤት በቀጥታ የተራራውን ሰው የሚመለከት፣ አጥኚዎቹም ያገሩ ልጆች የሆኑበት ዘመን ይህ ነው።

2002–2022፦ የአምባራስ ደም፣ የጭላዳ ደረት

የሃሪሰን ቡድን የተወው የከፍታ ጥያቄ ግን ገና አልሞተም ነበር። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ቀድሞ ቲቤትንና አንዲስን አጥንታለች። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የደም ሐኪም ከአምሃ ገብረ መድኅንና ከሌሎች ጋር ሆና በፓርኩ ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ ባለችው አምባራስ 236 ሰዎችን መረመረች። ውጤቱ በ2002 ታተመ።

ለመረዳት ሌሎቹን ተራሮች ማወቅ ያስፈልጋል። አየር ሲሳሳ ሰውነት ኦክስጅን ይጎድለዋል። የአንዲስ ሰው ለዚህ የሚመልሰው ሄሞግሎቢኑን፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር በማብዛት ነው። የቲቤት ሰው ሄሞግሎቢኑ አይበዛም፤ ደሙ የሚይዘው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። በአምባራስ ሁለቱም አልተገኘም። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙላት ደግሞ 95.3 በመቶ። ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይለይም። ተራራን የመኖር ሦስተኛ መንገድ ስሜን ላይ ተገኘ ማለት ነው። በ2012 የታተሙ የዘረመል ጥናቶችም በኢትዮጵያውያን ላይ ያገኟቸው ምልክቶች በቲቤት ከታወቁት ጋር አንድ አልሆኑም።

ጭላዳዎቹም ተራቸው ደረሰ። ከ2006 ጀምሮ ጃሲንታ ቢነርና ቶር በርግማን የሚመሩት ቡድን በሳንቃበር ዙሪያ እያንዳንዱን ጭላዳ በመልኩ እየለየ ይከታተላል፤ ያገሬው ረዳቶችም የዚህ ክትትል ዓይን ናቸው። በ2012 የወጣው ግኝታቸው ዓለምን አነጋገረ። አዲስ ወንድ አንድን ቤት ሲቆጣጠር እርጉዞቹ ሴቶች አብዛኞቹ፣ 80 በመቶ ያህሉ፣ ያስወርዳቸዋል። መጪው ወንድ የሌላውን ግልገል ብዙ ጊዜ ስለሚገድል፣ ሊሞት ያለውን ተሸክሞ ከመቆየት ቶሎ መተው ለእናቲቱ ይሻላል ብለው አስረዱ። ሌላው ጥናታቸው ከታሪካችን መነሻ፣ ትል ከሚያስወጣው ኮሶ፣ ጋር ይገናኛል፤ በጭላዳዎቹ አካል ላይ የሚታየው ትልቅ እባጭ ከውሻ ወገን በሚመጣ የትል እጭ የሚነሣ ሆኖ ተገኘ። በ2022 ደግሞ የጭላዳ ዘረመል ተነቦ ወጣ። ጭላዳም እንደ አምባራስ ሰው ሄሞግሎቢኑን አላበዛም፤ ደረቱ ግን ሰፊ ነው። የስሜን ጭላዳ ከመሐል አገሩ ጭላዳ በክሮሞሶም ቁጥር ጭምር እንደሚለይ፣ አንዱ 44 ሌላው 42 እንዳለው፣ ታየ።

ከ2016 ወዲህ

በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ጃፓኖቹ ጭላዳ ያጠኑበት አምባ ዛሬ ገበሬ የለውም። ለሣሩና ለዋልያው ምን እንደተረፈ ይለካል፤ ወደ ከተማ ለወረደው ገበሬ ጤናና ኑሮም ያንኑ ያህል ትጋት ይገባዋል እላለሁ። በ2019 ፓርኩ ተቃጠለ። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ደባርቅም ተፈናቃይ አስተናገደች። አሁን ከተማዋ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት።

በ1996ቱ ቆጠራ በእናታቸው እቅፍ ሆነው የተመዘገቡት የዳባት ሕፃናት ዛሬ ወደ 30 ዓመት ይጠጋሉ፤ ልጆቻቸውም በዚያው መዝገብ ይገባሉ። የሃሪሰን ቡድን ደባርቅ ላይ የለካው ልጅ አድጎ ምን እንደሆነ ለማየት አልቻለም፤ ለክቶ ሄደ። የልጅነት ረሀብ በጉልምስና ምን እንደሚያስከትል፣ ከቆላ ወደ ደጋ የወጣ ቤተሰብ በሁለተኛው ትውልድ ምን እንደሚመስል ለመጠየቅ ግን አንድን ቤት ለአሥርተ ዓመታት መከታተል ያስፈልጋል። ዳባት ላይ ይህን መጠየቅ ይቻላል፤ መዝገቡን የያዙትም ጎንደር ያሉ የአገሩ ተመራማሪዎች ናቸው።